ምድጃ ዳር የከረመው ኢንሱሊን

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት ጎናቸው የተቀመጠውን የፋርማሲ ተማሪ ያማክሩ ጀመር።

«ኢንሱሊኑን በየቀኑ እወጋለሁ። ስኳሬ ግን አልወርድ አለኝ።»

«የት ነው የሚያስቀምጡት፣ እማማ?»

«ውርጭ እንዳያገኘው ብዬ ምድጃ ዳር።»

«ውርጭስ እውነትም ያበላሸዋል። እሳትም ግን ያበላሸዋል።»

«መልኩ እኮ አልተለወጠም።»

«ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። የሚሠራው በቅርጹ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹ ይፈርሳል። እንደ እንቁላል ይቁጠሩት።»

«መልሼ ባቀዘቅዘውስ?»

«የበሰለ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ጥሬ ይሆናል?»

«ወላሂ አይሆንም። ታዲያ ውሃ ስወጋ ከረምኩ በለኛ።»

«ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ለሐኪም ይንገሩና ያስቀይሩት።»

ከፊት የተቀመጥኩት እኔ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ያኖርኩትን የእናቴን መድኃኒት ቀስ ብዬ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።