የመሪው ማደሪያ

ምንጃር፣ ሐምሌ መግቢያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ በወርዶፋ ግቢ ሁለት ቤተሰብ በጋራ የገዟት ትንሽ ትራክተር መሪዋ ወልቆ ቆማለች፤ ባሏ ማንደፍሮ ከሞተ ሁለት ወር የሆናት ትርንጎ መሪውን በጥቁር ነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ የባሏ ሸሪክ ወርዶፋ እጁን ዘርግቶላታል።

ወርዶፋ፦ አምጪው እንጂ ትርንጎ! ሕፃን አደረግሽው እኮ።

ትርንጎ፦ አልሰጥም። መጀመሪያ ምን ልታደርገው እንደሆነ ንገረኝ።

ወርዶፋ፦ ምን አደርገዋለሁ? ወጥ አልሠራበት! ቦታው አስገብቼ አስረዋለሁ።

ትርንጎ፦ ማሰሩንማ ማንደፍሮም በየቀኑ ያስረው ነበር። አንተ ግን ትናንት፣ ከሐዘኑ ወዲህ ገና መጀመሪያ መሪውን ባወጣሁልህ ቀን፣ ለጎረቤታችን ለእማሆይ፣ «ነገ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ጠፍሬ አስረዋለሁ» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወርዶፋ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው? ትራክተር ይዤ ጎመናቸው ውስጥ ገብቻለሁ። «ነገም ተመልሼ እመጣለሁ» ልበላቸው?

ትርንጎ፦ እሳቸውን ያስቆጣቸው ጎመኑ አይደለም፣ ስትገባ የተናገርከው ነው።

ወርዶፋ፦ ምን ተናገርኩ?

ትርንጎ፦ ሐዘን ላይ ነኝ፣ አልደግመውም።

ወርዶፋ፦ መሪው እጄ ላይ በባዶ ሲሾር፣ ጎማው ወደ ፈለገው ሲሄድ፣ ውዳሴ ማርያም ልድገም? እስቲ ገልብጪውና እዪው። መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ይታይሻል?

ትርንጎ፦ ይታየኛል።

ወርዶፋ፦ እሱ ነው ዘንጉን የሚይዘው። ዘጠኝ ዓመት ማታ ማታ ሲወልቅ፣ ጠዋት ጠዋት ሲገጠም፣ ተበልቶ ተበልቶ የሽማግሌ አፍ መስሏል።

ትርንጎ፦ የማን አፍ እንደመሰለ አውቄዋለሁ።

ወርዶፋ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። መሪውን ዘንጉ ላይ የሚያስረው ዳዶም ማታ እንዲፈታ ተብሎ በእጅ ብቻ ነው የሚጠብቀው። አሁን ከሥሩ ቀለበቷ፣ ሮንደላዋ ገብታለት፣ በቁልፍ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። በየማታው ከወለቀ ግን መስከረምን አያይም።

ትርንጎ፦ መስከረምን አያይም አትበል።

ወርዶፋ፦ ስለ መሪው እኮ ነው።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ ስለ መሪው እንደሆነ። ቢሆንም አትበል።

ወርዶፋ፦ እሺ፣ ይቅር በይኝ።

ትርንጎ፦ አሁን እኔ ልጠይቅህ። ስምምነታችሁ ምን ነበር? ትራክተሯ አንተ ግቢ፣ መሪው እኛ ቤት።

ወርዶፋ፦ ነበር።

ትርንጎ፦ አንዱ ያለ አንዱ እንዳይነዳት።

ወርዶፋ፦ ነበር አልኩሽ እኮ።

ትርንጎ፦ መሪው እዚህ ከተጠፈረ እኔ ቤት ምን ያድራል? ትራክተሯ አንተ ጋ፣ መሪው አንተ ጋ፣ ጭሱ ሳይቀር አንተ ጋ። እኔ አጥር ላይ ቆሜ ሳያት ልኑር?

ወርዶፋ፦ ማሳሽን አላርስም ያለሽ ሰው አለ?

ትርንጎ፦ የለም። ማንም አይልም። መጀመሪያ «ነገ ነይ» ይባላል። በዓመቱ «ዘንድሮ ተጣቦብኝ ነው» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ልለምን እመጣለሁ። አባቴ ሲሞት የእናቴ በሬዎች እንዲያ ነው የሄዱት። ማንም አልሰረቃትም፤ ሁሉም እየሳቀ፣ እያጽናናት ነው የወሰደው።

ወርዶፋ፦ እኔንም ከእነዚያ ቆጠርሽኝ?

ትርንጎ፦ አንተን አላልኩም። ግን አንተም ሰው ነህ፣ ትሞታለህ። ወንድሞችህ ናቸው የሚወርሱህ፣ እነሱን ደግሞ አውቃቸዋለሁ።

ወርዶፋ፦ በጠዋቱ፣ በባዶ ሆዴ ገደልሽኝ በቃ?

ትርንጎ፦ ማንደፍሮስ ቁርሱን በልቶ አይደል የሞተው?

ወርዶፋ፦ አንቺ ሴት! እሱን እንዴት ቻልሽው እያልኩ ነበር፤ ለካ ተረብ ያለማመድሽው አንቺ ነሽ። ስሚኝ፣ እመኚኝ። ሌላ የምልሽ የለኝም።

ትርንጎ፦ እሱ ራሱ መቼ አመነህ? ቢያምንህ ኖሮ በየማታው መሪ እንደ ሙሽራ ታቅፎ ይመጣ ነበር? አልጋ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። «ወርዶፋን አታውቂውም፣ ዞር ካልኩለት የሰው ጭነት ያመላልስባታል» ይለኝ ነበር።

ወርዶፋ፦ እንዲያ አለሽ?

ትርንጎ፦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

ወርዶፋ፦ ይሄ ውሸታም! ነፍሱን ይማረውና፣ ይሄ ቀጣፊ!

ትርንጎ፦ ሙት አትሳደብ።

ወርዶፋ፦ ስድብ አይደለም፣ ምስክርነት ነው። ይቺን ሮንደላ ታያለሽ? ዛሬ የገዛኋት መሰለሽ? በሁለተኛው ዓመት ነው ከአረርቲ ያመጣኋት፣ ጥርሱ ገና ሳይነካ። «በቃ እንሰረው፤ እኔ ሰልችቶኛል፣ አንተም በጭቃ መመላለሱ ይቅርብህ» አልኩት።

ትርንጎ፦ እሱስ?

ወርዶፋ፦ እምቢ አለ።

ትርንጎ፦ አላምንህም ብሎ?

ወርዶፋ፦ ሳቀብኝ። «ከታሰረማ ጠዋት ምን ብዬ ልመጣ ነው?» አለኝ።

ትርንጎ፦ እንዲያ አለ?

ወርዶፋ፦ እዚሁ፣ አንቺ የቆምሽበት ላይ ቆሞ። እኔም ሮንደላዬን ኪሴ ከተትኩ። እሱ መሪውን ያስገባል፣ እኔ ጎማውን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ እዚያ ግንድ ላይ ቁጭ ብለን ወሬ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰዉ፣ ስላንቺ...

ትርንጎ፦ ስለ እኔ ምን?

ወርዶፋ፦ ወጥሽ ጨው ይበዛዋል።

ትርንጎ፦ ጨው! እዚህ መጥቶ ነው የሚያማኝ?

ወርዶፋ፦ ሲያማሽ ያማሽ ነበር፤ ግን ሚስቴ ቁርስ ስታቀርብለት አንድም ቀን እጁን አይዘረጋም። «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላታል፣ ሆዱ እየጮኸ።

ትርንጎ፦ እኔ ደግሞ ገንፎው ድንጋይ እስኪሆን ስጠብቀው! «አምስት ደቂቃ» ብሎ ይወጣል፣ ፀሐይ ወጥታ ስታበቃ ይመጣል። ስቆጣው «ወርዶፋ ዳዶውን ጥሎት ስንፈልግ» ይለኛል።

ወርዶፋ፦ ዳዶው አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ትርንጎ፦ ስንቴ ረገምኩህ መሰለህ፤ ይሄ ዕቃ የማይዝ ሰው እያልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ደግሞ መሪውን አልጋ ሥር አድርጌ ሌባ ስጠብቅ።

ወርዶፋ፦ ሌባው እኔ።

ትርንጎ፦ ሌባው አንተ። አንድ ቀን ውሻው ሲጮህ ዘነዘና ይዤ ወጥቻለሁ።

ወርዶፋ፦ ለእኔ?

ትርንጎ፦ ለጭንቅላትህ። ጅብ ሆኖ ተገኘ።

ወርዶፋ፦ ተመስገን። እኔም ልንገርሽ እንግዲህ። ሁለት ወር፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ የግቢውን በር ከፍቼ ግንዱ ላይ እቀመጣለሁ። ሚስቴ «ምን ትጠብቃለህ?» ስትለኝ «ዝናቡን» እላታለሁ። በግንቦት!

ትርንጎ፦ እንካ።

ወርዶፋ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ መሪውን ነዋ፣ ክንዴ ዛለ። አይ፣ ቆይ። እኔ ላስገባው። አንተ ጎማውን ያዝ።

ወርዶፋ፦ ይዣለሁ፤ ቀጥ ብሏል። አስገቢው። የለም፣ አንድ ጥርስ ስተሻል፤ አውጪውና ትንሽ ወደ ግራ... እህ፣ እንደሱ። ገፋ አድርጊው።

ትርንጎ፦ ገባ።

ወርዶፋ፦ ሮንደላዋን። አሁን ዳዶውን በጣትሽ አስጀምሪው፣ ተጣሞ እንዳይገባ በቀስታ። እምቢ እስኪልሽ ድረስ። አለሽ?

ትርንጎ፦ አለኝ።

ወርዶፋ፦ እሱ እዚህ ላይ ነበር የሚያቆመው። ከዚህ በኋላ ያለው የቁልፍ ሥራ ነው፣ ወዲህ በይልኝ።

ትርንጎ፦ ቁልፉን ስጠኝ።

ወርዶፋ፦ ጉልበት ይፈልጋል እኮ።

ትርንጎ፦ ስጠኝ አልኩህ።

ወርዶፋ፦ በይ፣ እንኪ። ሳቢ። አሁንም። አንዴ ደግሞ... በቃ! በቃ! ዳዶ ነው፣ የእኔ አንገት አይደለም! ነቅንቂው እስቲ።

ትርንጎ፦ ንቅንቅ አይልም።

ወርዶፋ፦ ወደ ቀኝ አዙሪው። ጎማው ሄደ። ወደ ግራ። መጣ። እሰይ! ነገ የአንቺ ማሳ ነው፤ በማለዳ ይዣት እመጣለሁ፣ በማርያም።

ትርንጎ፦ አትማል። ዛሬ የማን ተራ ነው?

ወርዶፋ፦ የእኔ ነዋ።

ትርንጎ፦ ሂድና እረስ። ስትጨርስ ግን ወደዚህ አትመልሳት። እኔ ግቢ አስገባት፤ የገለባውን መጠለያ ባዶ አደርግላታለሁ።

ወርዶፋ፦ አንቺ ግቢ ልታድር? ከነመሪዋ?

ትርንጎ፦ ከነመሪዋ። አንተው ይጠፈር ብለህ የለ?

ወርዶፋ፦ ቆይ እንጂ! እኔ ጋ ምን ሊቀር ነው? ምን ይዤ ነው የማምንሽ?

ትርንጎ፦ እኔን ምን አስይዘህ ነበር እመኚኝ ያልከኝ?

ወርዶፋ፦ እሱማ... ይሁን። ጠዋት ስፈልጋትስ?

ትርንጎ፦ ትመጣለሃ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ መጥቶ የለ? ከነገ ጀምሮ ጭቃውን የምታቋርጠው አንተ ነህ።