ከጠበሉ ዛፍ የተፈታው ጨርቅ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጠበል የሚሄድ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከማንም ሳይጣላ ነበር የሚሄደው። ከማንም ሳይጣላ! ይቺን ያዙልኝ። ኩሽና ያለችውም ትስማ፤ የማወራው ስለሷ ነው፣ ስለ ገዛ ልጄ ስለ መሠረት። ዕቃ የምታጥብ መስላ ጆሮዋ እዚህ ነው።

ታዲያ መሠረት ያገባችው የአየርላንድ ልጅ አይደል? እናቱ ኖራ ትባላለች፣ እዚሁ በስደት ከተማችን ዳር፣ ፖይንት ኩክ ሰፈር ከነሱ ጋር ነው የምትኖረው። ወርቅ ሴት ናት። የኔ እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ፣ የሷ አማርኛ ደግሞ "እሺ" ብቻ፣ ግን እንግባባለን። እና አንድ ቀን "አገሬ በየሜዳው የቅዱሳን ጉድጓድ አለ" አለችኝ። "ጉድጓድ አትበይው፣ ጠበል ነው!" አልኳት። "እሺ" አለች። ታዲያ ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘባት፤ ኦፕሬሽን ቡክ ተደረገላት፤ እሷ ግን "ሆዴ ሳይቀደድ የልጅነቴን ጠበል ልየው" አለች፣ እና አራታችን በአውሮፕላን አየርላንድ ድረስ ሄድን፤ እሷ፣ ልጇ፣ መሠረትና እኔ።

እዚያ አገር ጠበል ፍለጋ መከራ ነው፣ ልጆቼ። አጥማቂ የለ፣ ዲያቆን የለ፣ ወረፋ የለ! መንገድ ላይ ሳንድዊች ይሰጡኛል። "ጠበል እየሄድን?" እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። አንዱን ጠበል ቁጥቋጦ ውጦታል። ሌላው ዘንድ ስንደርስ ላሞች ገብተው ይጠጡታል፣ ይጠጡታል ነው የምላችሁ! "አፈር ብላ! ጠበሉን ለላም ሰጥተህ አንተ የፕላስቲክ ውሃ ትገዛለህ?" አልኩት ባለላሙን። እሱ ባርኔጣውን አንስቶ በትሕትና ሰላም ይለኛል። ምን እያልኩት እንደሆነ መች ገባው!

ታዲያ በመጨረሻ የኖራን አገኘነው። ከድንጋይ አጥር ሥር፣ ትንሽዬ፣ ጥርት ያለች ውሃ፤ አጠገቧ እሾሃማ ዛፍ፤ ዛፉ ላይ ደግሞ ጨርቅ በጨርቅ! ቀዩ፣ ነጩ፣ የሕፃን ካልሲ እንኳ ታስሮበታል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደንግጬ አማተብኩ፤ እኛ አገር ዛፍ ላይ ጨርቅ ሲታሰር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ኖራ ግን እጄን ይዛ፣ "የታመመ ሰው ጨርቁን ጠበሉ ውስጥ ነክሮ፣ ለቅድስቷ ጸልዮ ያስረዋል፤ ጨርቁ እየበሰበሰ ሲሄድ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ትክትክ ሲይዘኝ እናቴ አስራልኝ ነበር" አለችኝ። ከዚያ የአንገት ልብሷን ጫፍ ቀደደች፣ ነከረች፣ ጠበሉን እየዞረች ጸለየች፣ እና አሰረችው። ኦፕሬሽኑን ፈርታዋለች። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ብርዱ አጥንቴን እየሰበረው አባታችን ሆይ ደገምኩላት። ጸሎት ጸሎት ነው።

ታዲያ ልጇ ደግፎ ወደ መኪናው ወሰዳት። እኔ ጫማዬን አጥልቄ ቀና ስል፣ መሠረት ጨርቁን ትፈታለች! የኖራን ጨርቅ!

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"እማዬ፣ ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው። የሚፈውሰው ጌታ ነው፣ ጨርቅ አይደለም።"

"ፍቺልኝ ያለሽ ማነው?"

"ስለምወዳት እኮ ነው!"

"ብትወጃት እጅሽን ትሰበስቢ ነበር! መልሰሽ እሰሪ!"

"ኖ!" አለችኝ። ለናቷ ኖ! እና ጨርቁን ከአጥሩ ማዶ ወረወረችው፣ ነፋስ ይዞት ሄደ።

እንዴት አልናደድ? ጴንጤ ሆንኩ ስትል እኔ ምን አልኩ? እግዜር አንድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የራሷ ሃይማኖት የራሷ ነው። የታመመች ሴት ተስፋዋን ያሰረችበትን ክር መፍታት ግን ሃይማኖት ነው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው!

"እትዬ አስካለ፣ ይረጋጉ" ትሉኛላችሁ? አልረጋጋም!

ታዲያ ነጠላዬን ከጥለቱ በኩል ዘርጥጬ ቀደድኩት። አዲሱን፣ ለጥምቀት የገዛሁትን! ነከርኩት፣ "ለኖራ" ብዬ አጥብቄ አሰርኩት። መኪና ውስጥ እኔና መሠረት በየመስኮታችን አኩርፈን ዞረናል። ኖራ "ደስ አይልም?" ትላለች። "እሺ" አልኩ እኔም።

ከዚያ ኦፕሬሽኑ ተደረገ፣ ሴትዮዋ ግን እስካሁን ጠንከር አላለችም። እና በሄድኩ ቁጥር፣ "አስካለ፣ ጨርቄ በስብሶ ይሆን?" ትለኛለች። "ሊያልቅ ምንም አልቀረው" እላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጾም እንኳ ሳይቀር እዋሻለሁ! ማን አስዋሸኝ? ኩሽና ያለችው!

ባለፈው እሑድ ታዲያ ውሸቱ ከበደኝና "ኖራ፣ ያ ጨርቅሽ..." ብዬ ስጀምር ሳቀችብኝ። "ከመኪናው ሆኜ አይቻችኋለሁ" አለች። "አንዷ ስትፈታ፣ አንዷ ስትቀድ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለኔ እንዲህ የተጣላ ሰው አላየሁም።" አያችሁልኝ? ለካ አሮጊቷ አውቃ ነው የምታስዋሸኝ! ልቆጣት አፌን ስከፍት የዚያኑ የቀደድኩትን ነጠላዬን ጫፍ ያዝ አድርጋ ዳበሰችው፣ ዳበሰችውና፣ "ግን አስካለ፣ ይሄ ጨርቅሽ ይበሰብሳል?" አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ከጥለቱ ክር መዘዝኩና ክብሪት ለኮስኩበት። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆናል አይደል? ተጨማዶ እንደ ላስቲክ ተንጠባጠበ። ናይሎን! "ንጹሕ ጥጥ ነው እናቴ፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል" ብላ ነው የሸጠችልኝ፣ ያቺ ቀጣፊ ነጋዴ! ታዲያ የኖራ በሽታ ለልጅ ልጅ ይትረፍ? የማይበሰብስ ነገር አስሬላት መጣሁ እኮ! አሁን ማን ሄዶ ይፈታዋል? ማን? ከዚህ ከኮሊንግዉድ አየርላንድ በትራም አይኬድ!

"እማዬ" አለች መሠረት ከኩሽና እጇን እየጠረገች ብቅ ብላ፣ "መፍታቱን እኔ አውቅበታለሁ። ኖራ ነግራኝ ቲኬቱን ቡክ አድርጌያለሁ፣ እሷም አብራን ትሄዳለች። ማሰሩን አንቺ ታስሪያለሽ። እኔ ቆሜ እጸልያለሁ።"

እህ... ሰማችኋት? ቀድሞውኑ ባትፈቺው ምን ነበረበት፣ አንቺ ልብ አውልቅ! እናንተስ ቁጭ ብላችሁ ምን ያስቃችኋል? ያረጀ፣ የነተበ የጥጥ ነጠላ ያላችሁ አምጡልኝ እንጂ!