በጣርማ በር በረዶ ላይ ስለደረሰው አደጋ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ማኅደረማርያም ዋሴ
ዕድሜ፦ 23
ጾታ፦ ሴት
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ
ሥራ፦ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛና የብስክሌት ተወዳዳሪ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን መልካሙ ዘርአ ዳዊት

ሐሙስ ሐምሌ 17 ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሆኜ ለፖሊስ ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ መጥቶ ጃፈር አብዱልሀሚድን እንደገጨው ተናግሬአለሁ። ይህ እውነት አይደለም። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁት ይህንኑ ለማስተካከል ነው።

ጃፈር ዕድሜው 22 ሲሆን፣ በከተማው የብስክሌት ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት አብረን ተለማምደናል። እሑድ ሐምሌ 20 ቀን ለክልል ውድድር የሚሄዱ ሰዎች የሚመረጡበት ቀን ነበር። እኔ አምና ሳልመረጥ ስለቀረሁ ያን ሳምንት እንቅልፍም እህልም እምቢ ብሎኝ ነበር። አሠልጣኛችን አደጋው በደረሰበት ሐሙስ ዕለት እንድናርፍ ነግሮን ነበር። ጃፈርን ጎትጉቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ተነሥተን 8፡15 ገደማ ጣርማ በር ዋሻ ደረስን። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ በረዶ ይወርድ ጀመር። ፍሬው የባቄላ ያህል ነበር፤ ወደ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ወረደ። ሲያባራ አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ፣ አንዳንድ ቦታ ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። ከደብረ ሲና በኩልም ጉም እየወጣ ነበር።

ጃፈር፣ "እስኪቀልጥ አንድ ሰዓት ብንቆይ ምን እንሆናለን?" አለኝ። እኔ ላቤ ጀርባዬ ላይ እየቀዘቀዘ መቆም አቅቶኝ ዋሻው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። "የአልዩ አምባ ሰው መቼም ብርድ ይፈራል" አልኩት። አገሩ ቆላ ስለሆነ ሁልጊዜ በዚህ እቀልድበታለሁ። ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። "ወላሂ፣ አንቺ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም" ብሎ ሄልሜቱን አሰረ።

ወደ መጣንበት ለመመለስ፣ ወደ ጉዶ በረት በሚያወርደው መንገድ እሱ ፊት፣ እኔ አሥር ሜትር ያህል ከኋላው ሆነን ነዳን። ያልተነካው በረዶ ጎማ ሥር እየተንኮሻኮሸ ያስኬድ ነበር፤ መኪና የረገጠው ግን ጠጥሮ ያንሸራትታል። ጃፈር ቀስ ብሎ፣ አንድ እግሩን ከፔዳሉ አውጥቶ ነበር የሚሄደው። እኔ ከኋላው "ንዳ! ንዳ እንጂ!" እያልኩ እጮህ ነበር። ይህን በመጀመሪያው ቃሌ አልተናገርኩም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስንደርስ እግሩን ፔዳሉ ላይ መልሶ ፍጥነት ጨመረ።

በዚያው ቅጽበት አይሱዙው ከፊት መጣ። መብራቱን አብርቶ፣ መስመሩን ይዞ፣ በዝግታ ነበር የሚመጣው። የጃፈር የኋላ ጎማ ከድቶት ከነብስክሌቱ ወደ መኪናው መስመር ተንሸራተተ። ሾፌሩ መሪውን ጃፈር ካለበት አርቆ በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አዞረና መኪናው በጎኑ ወደቀ። መኪናው በእኛ መስመር በኩል ወድቆ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጃፈርን አልነካውም። የጃፈር እግር የተሰበረው በገደሉ በኩል ያለውን የሲሚንቶ መከላከያ መትቶ ነው። መኪናው የጫነው ዱቄት ጆንያው ተቀዶ በረዶው ላይ ሲፈስ አየሁ፤ የቱ ዱቄት የቱ በረዶ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ሾፌሩ አቶ ወልደአረጋይ በመስኮት ወጣ። ግንባሩ ይደማ ነበር። ቀጥታ ወደ ጃፈር ሮጠ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከተሰበረው የመኪናው የጎን መከለያ፣ ከስፖንዳው፣ ጣውላ አምጥቶ የጃፈርን ጭን በሸራ ገመድ አሰረ፤ ጃኬቱንም አለበሰው። "አይዞህ ወንድሜ፣ የተጎዳው እግርህ ነው" ይለው ነበር። እኔ ቆሜ ከማልቀስ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚኒባስ አግኝተን ወደ ደብረ ብርሃን ይዘነው መጣን።

ሆስፒታል የቡድኑ ልጆችና አሠልጣኙ ከበውኝ "ማን ገጨው?" አሉኝ። ማንም አላስገደደኝም። "አይሱዙው" የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ፤ ቀጥሎ ለፖሊስ ደገምኩት። ፖሊሶቹ ሾፌሩን ግንባሩ ተሰፍቶ ገና ከሕክምና ክፍሉ በር ሲወጣ ይዘውት ሄዱ። ጃፈር መንገድ ላይ ራሱን ስቶ ነበርና የነቃው ቅዳሜ ነው። የሚያስታውሰው ዋሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ እውነቱን የምናውቀው እኔና ሾፌሩ ብቻ ነን፤ የሾፌሩን ደግሞ የሚያምነው አልነበረም።

እሑድ ለምርጫው ተሰለፍኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለተኛ ነበርኩ። ወርጄ ብስክሌቱን አጥር ላይ አስደግፌ በውድድር ልብሴ በእግሬ ሆስፒታል ሄድኩ። የጃፈር አባት አቶ አብዱልሀሚድ ከአልዩ አምባ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ልጄን የሚምረው አላህ ነው። ያን ሰውዬ ግን ያሰረው ያንቺ ምላስ ነው፤ ሂጂና ፍቺው" አሉኝ። ወደ ልጃቸው ክፍል ገብተው በሩን ዘጉት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ግቢ ስገባ አቶ ወልደአረጋይ ከእስረኞች ጋር ቧንቧው ጋ ፊቱን ይታጠብ ነበር። አየኝና አወቀኝ። ይሰድበኛል ብዬ ቆምኩ። "ያ ልጅ እንዴት ሆነ? እግሩን ቆረጡት?" አለኝ። "አልቆረጡትም ጋሼ፣ በብረት አያይዘውታል" አልኩት። "ተመስገን" አለና ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ሐሰተኛ ቃል መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቀኝ ዋና ሳጅኑ አስረድቶኛል፤ ተረድቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ከፊደል እስከ ፊደል ተነቦልኝ የራሴ ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሐሙሱ ቃል ላይ ያለው ፊርማም የእኔ ነው፣ ይህም የእኔ ነው፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት በተገኘበት ሁሉ የዛሬው ይያዝልኝ።

የምስክር ፊርማ፦ ማኅደረማርያም ዋሴ
የተቀባዩ ፊርማ፦ ዋ/ሳጅን መልካሙ ዘርአ ዳዊት
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 3፡55