የጭምቴ ሁለተኛ ፈተና

አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶዬን ስለተቀማሁ የሰውን ስህተት በአፌ አርማለሁ፤ ባለቤቴም በዚህ አመሌ ተማርራለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን ጥፋተኛው እኔው ነበርኩ። የግቢውን በር ቁልፍ በግድ ሳጠማዝዝ ሰብሬ፣ ስብርባሪውን በኪሴ ይዤ ወደ ሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ ሄድኩ።

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ አባ መክፈቻ ይላቸዋል። ሱቃቸው ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሚስማር ነው፤ በየሚስማሩም ገና ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። የአባ መክፈቻ ሞረድ አንዳንዴ ያርፋል፣ ምላሳቸው ግን አያርፍም። ጥግ ላይ በርጩማ ስባ የተቀመጠችው የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቁልፎችን በየዓይነታቸው ትለያለች። ጭምቴ ነው የሚሏት። እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው።

“ዛሬ የትምህርት ቀን አይደለም እንዴ? ልጅቷ ለምን ቀረች?” አልኳቸው።

“አስቀረኋት መምህር። ይኸው ያንብቡት።” ቁልፍ ነክሶ ከሚይዝላቸው ሞርሳ ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። “ትምህርት ቤቱ አስፈተናት፤ አእምሮዋ ከዕድሜዋ በታች ነው አሉ። ከክፍሏ ወጥታ ትምህርት ወደሚከብዳቸው ልጆች ክፍል እንድትዛወር ነገ ጠዋት ልፈርም ነው። እኔ ደግሞ ከፈረምኩ አይቀር ጨርሶ ላስቀራት ነው ሐሳቤ። እዚሁ እጄ ሥር ሆና ቁልፍ ትልቀም።”

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ጭምቴ አጠገባችን ነበረች። እጇ መልቀሙን አላቆመም፤ አንገቷ ግን ወደ ትከሻዋ ሲሰምጥ አየሁ።

በዚህ መሐል አንዲት ወጣት የቁም ሣጥን ቁልፍ ልታስቀርጽ ገባች። የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ክፍልፋይ ሳስተምራት ታለቅስ ነበር። ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆና የልጆችን የመማር ችሎታ ትመረምራለች። ሰላምታ ተለዋወጥንና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

“የኔ ቆንጆ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“ቁልፍ እየለየች ነው” አሉ አባ መክፈቻ።

“ምን መጫወት ትወጃለሽ?”

“ሥዕል ነው የምትወደው” አሉ አሁንም።

“ዕድሜሽስ ስንት ነው?”

“ስምንት” አልኩ እኔ። እንግዲህ አርባ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ መሆኔ ነው። ሦስት ጥያቄ ተጠየቀ፤ አንዱም ለልጅቷ አልደረሰም።

ባለሙያዋ አልወቀሰችንም። ወረቀቱን አስፈቅዳ አነበበችና፣ “አባቴ፣ ይህ ፈተና ከዳር እስከ ዳር በቃል የተሰጠ ነው። ጥያቄው ረጅም ንግግር ነው፤ መልሱም ንግግር ነው። ጆሮዋን ታይታለች?” አለች።

“ታይታለች። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ሐኪሙ አረጋግጦልኛል።”

“እንግዲያው የምጠረጥረውን ልንገርዎት። ድምፁን እየሰሙ ቃሉን አገናኝቶ መረዳትና መናገር የሚቸግራቸው ልጆች አሉ። የቋንቋ እክል ይባላል። ስንፍና አይደለም፤ እርግማንም የአሳዳጊ ጥፋትም አይደለም። እንዲህ ያለችን ልጅ በቃል ብቻ መዝኖ አታስብም ማለት፣ እጁ የታሰረን ሰው ጻፍ ብሎ መሃይም ነው እንደማለት ነው።”

አባ መክፈቻ ሞረዱን አስቀመጡ። “ልጄ፣ አነጋገርሽ ያምራል። ግን በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በተፈተነች ቀን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቅም አለችኝ፤ ራቷንም ሳትበላ ተኛች። ደግማ ልትወድቅ ነው? በየትኛው አንጀቴ ነው የማስፈትናት?”

እኔ ግትርነት መስሎኝ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ለካ ፍርሃት ነው፤ ያውም ከፍቅር የመጣ። ቁጣዬን ዋጥኩት።

“እውነትዎን ነው” አለች ባለሙያዋ። “ውጤቱ አሁንም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከወዲሁ ቃል አልገባልዎትም። ዝቅ ካለ ያ ክፍል ይገባታል ማለት ነው። ጎበዝ አስተማሪ ያለው ክፍል ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ችግሯ ቋንቋ ብቻ ሆኖ ሳለ ግን የቋንቋ እርዳታ ነስተን ከክፍሏ ብናስወጣት፣ በደሉ ያኔ ነው።”

“ወረቀቱ እኮ ማኅተም አለው።”

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

አባ መክፈቻ ቀና ብለው አዩኝ። “መምህር፣ እዚህ ቤት ወረቀቱ ይኸው ነው። ሞኙ ማን ሊሆን ነው?” አሉና ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቁ በረድ ሲል ባለሙያዋ የተበላሹ ቁልፎች የሚጣሉበትን ሣጥን ለመነች። ጠረጴዛው ላይ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጥርስ ቁልፎችን ደረደረች፤ ክፍት ቦታ ተወችና ባለ አምስቱን አኖረች። “ጭምቴ፣ ከባለ ሦስቱ ቀጥሎ፣ ከባለ አምስቱ በፊት መግባት ያለበትን ፈልገሽ ስጪኝ” አለቻት። ልጅቷ የአያቷን ፊት አየች፤ የኔን አየች፤ እጇ ያገኘውን ቁልፍ አንስታ ሰጠች። ባለ ሁለት ነበር።

“አላልኩሽም?” አሉ አባ መክፈቻ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ባለሙያዋ ቁልፎቹን ሰበሰበች። አሁን አንድም ቃል ሳትናገር ሁለት ረድፍ ሠራች። ከላይ ረጃጅም ቁልፎች፦ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት። ከታች አጫጭሮች፦ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ከዚያ ባዶ። ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችና ፈገግ ብላ ጠበቀች።

“ጭምቴ፣ ያንን...” ብለው ሲጀምሩ ባለሙያዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አባ መክፈቻ ዝም አሉ። ዝም ለማለት ያን ያህል ሲታገል ያየሁት ሰው የለም።

ጭምቴ ተነሳች። ሣጥኑን አገላብጣ አጭር ባለ ሦስት ጥርስ ቁልፍ አወጣችና ቦታው ላይ አኖረችው። ከዚያም የታችኛውን ረድፍ ሁለተኛ ቁልፍ ገለበጠችው። ለካ ባለሙያዋ ራሷ ጥርሱን ወደተሳሳተው አቅጣጫ አዙራ አስቀምጣው ኖሯል።

“እኔ እኮ ረጅሙን አንሺ ልላት ነበር” አሉ አባ መክፈቻ በቀስታ።

“ይህ ፈተና አይደለም አባቴ፣ ለማሳያ ነው። እውነተኛው ፈተና ጸጥ ባለ ክፍል፣ በሥዕልና በእንጨት ኩብ፣ በምልክት እየታገዘ ይሰጣል። እርስዎ ሳይፈርሙ አያዛውሯትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ሁለት ሳምንት ይስጡኝ ይበሏቸው። እስከዚያው ቤት ውስጥ ስትጠየቅ አይመልሱላት፤ በልብዎ አሥር እየቆጠሩ ይጠብቋት።”

“እኔ? አሥር እስክቆጥር ዝም? ሚስቴ አመመው ብላ ሐኪም ትጠራለች” አሉ። እሺ ግን አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያዋ ጭምቴን ፈተነቻት። አባ መክፈቻ ውጤቱን ለመስማት ወደ ቢሮዋ ሲሄዱ፣ “አብረውኝ ይምጡ፤ ከደነገጥኩ የሚሰማኝ ግማሹን ነው” ብለውኝ ተከተልኳቸው።

“ያለ ቃል በሚሰጠው ፈተና ጭምቴ ከእኩዮቿ እኩል ናት፤ በአንዳንዱም ትበልጣለች” አለች ባለሙያዋ። “ቋንቋዋን ለብቻ ስመዝነው ግን በጣም ወደኋላ ቀርታለች። አንዱን ብቻ ብናይ ኖሮ እንሳሳት ነበር። ከክፍሏ አትውጣ። መምህሯ ትእዛዙን አጠር እያደረገች፣ በሥዕል እያሳየች ትንገራት፤ ለመመለስም ጊዜ ትስጣት። በሳምንት ሁለት ቀን የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ ታሠለጥናታለች። ባንድ ጀምበር የሚሆን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሒሳቡም ንባቡም ሳያመልጣት ታድጋለች። ዋናው ደግሞ፣ አልችልም ብላ አታምንም።”

አባ መክፈቻ አለቀሱ። እንባቸውን በቅባት እጃቸው ሲጠርጉ ጉንጫቸው ጠቆረ። “ስምንት ዓመት ሙሉ ስናገርላት ኖርኩ። አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ ለካ።”

“አይደለም አባቴ፣ እክሉን እርስዎ አላመጡትም። ሲጠብቋት ግን ይረዷታል።”

እኔስ? በአርባ ዓመት ውስጥ ጥያቄዬን በቃል ጠይቄ፣ ዝም ያለውን ስንቱን ልጅ “ደካማ” ብዬ በቀይ ጻፍኩበት? አላውቅም፤ አለማወቄም ያሳፍረኛል። ከዝምታው ጀርባ ምን እንዳለ በሌላ መንገድ ብጠይቅ ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?

በማግሥቱ አባ መክፈቻ፣ ጭምቴና እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። አባ መክፈቻ ያልተፈረመውን ወረቀትና አዲሱን ውጤት ዳይሬክተሯ ፊት አኖሩ። ዳይሬክተሯ ሁለቱን ደጋግማ አነበበች። ቅን ሴት ናት፤ “ተቻኩለናል” አለች። ከእንግዲህ መናገር የሚቸግረው ልጅ በቃል ፈተና ብቻ ተመዝኖ እንዳይዛወር ማስታወሻ ጻፈች። ከዚያም መነጽሯን አውልቃ ወደ ጭምቴ ዞረች።

“ጭምቴ። አንቺ የት መማር ትፈልጊያለሽ?”

የአባ መክፈቻ አፍ ተከፈተ፤ እንደተከፈተ ቆየና ያለ ድምፅ ተዘጋ። እኔም ምላሴን ነከስኩ። ጭምቴ በመስኮቱ የክፍሏን በር አየች። ከንፈሯ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ማናችንም አልረዳናትም።

“እኔ... እዚህ... መማር” አለች።

ዳይሬክተሯ ማዛወሪያውን ወረቀት ለሁለት ቀደደችው።