እስከ ወደራ የታኘከች ጉርሻ

ከክብረ መንግሥት ወደ ነጌሌ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንዲት አሮጊትና አንድ ከሲታ ሰውዬ ተቀምጠዋል። የማይተዋወቁ ናቸው። መኪናው ገና ከመነሳቱ አሮጊቷ የፍርፍር ቋጠሯቸውን ፈቱ።

«እንካ ጉረስ፣ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። አልችልም።»

«በሞቴ!»

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው። ሆዴን ቀደው የጨጓራዬን ግማሽ አውጥተውታል። አንድ ትልቅ ጉርሻ መልሶ ሐኪም ቤት ይወስደኛል።»

«ያ ዋቃ፣ የፈጣሪ ያለህ! ታዲያ በምን ትኖራለህ?»

«በትንሽ በትንሹ፣ በደንብ እያላመጥኩ። ውሃ እንኳ ከምግብ ጋር አልጠጣም።»

«ቢሆንም ጉርሻዬን መልሰህብኝ ከዚህ መኪና አትወርድም!»

«እንግዲያው ሽምብራ የምታህል ያድርጉልኝ።»

«እኔ? ሽምብራ የምታህል? ሰው ምን ይለኛል!»

«እማማ፣ በተዝካሬ ትልቁን ከሚጎርሱ፣ ዛሬ ትንሿን ያጉርሱኝ።»

አሮጊቷ ከፍርፍሩ ሽምብራ የምታህል ቆንጥረው ጠቀለሉ።

«በል፣ ቶሎ አፍህን ክፈት። ዋጥካት?»

«ገና ነኝ።»

«አሁንስ?»

«እያላመጥኩ ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ ጥርስህ አለቀ!»

«ጥርሴ ይለቅ፣ እማማ። ሆዴ ይትረፍ።»

መንገድ ላይ ካለችው ወደራ ከተማ ስንገባ ሰውዬው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ዋጥኳት! እማማ፣ ምንም አላመመኝም!»

«እልልልል! ሰዎች፣ ጎረሰልኝ! ዋጠልኝ! በል እንግዲህ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛዋን እንካ።»

«ሁለተኛዋን ነጌሌ ስንደርስ!»

እኔም አፌን ሞልቼ የጎረስኩትን ዳቦ ልውጠው ስል ተውኩና፣ ቀስ ብዬ ማላመጥ ጀመርኩ።