ቅዳሜ ቅዳሜ የተቆጠሩት ሽጉጦች

በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ማለቴ ነው፣ እዚሁ ነፋስ ስልክ አንድ ጣውላ ፋብሪካ ውስጥ የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። የገባሁት በተሸካሚነት ነው፤ የተሸከምኩትን ሁሉ ስቆጥር አይተው ቁልፉን ሰጡኝ። ታዲያ የጥበቃዎቹ ሦስት ሽጉጦችም በእኔ እጅ ነበሩ፤ አንድ የጣሊያን፣ አንድ ቶካሬቭ፣ አንድ ማካሮቭ። የጣሊያኑና ቶካሬቩ ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረዋል፣ ማካሮቩ ግን ከመጣ ሳምንት አልሞላውም።

እና አንድ ቀን ሊቀመንበራችን ጓድ ታፈሰ መጣና፣ "ጓዶች! እሁድ ላፍቶ ሜዳ ላይ የፋብሪካ ጥበቃዎች የተኩስ ውድድር አለ። ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ማፈር የለም!" አለ። የሚተኩስልን አሥር አለቃ ደስታ ነው፣ ከጦሩ በጡረታ የወጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። አሥር ጥይት ይተኩሳል፤ ሽጉጡ ከነከሰ፣ ማለት ጥይቱ መሃል ላይ ከተቀረቀረ፣ እንደ ሳተ ይያዝበታል።

ታዲያ የቱን ይያዝ? መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ልምምዱ ላይ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን አራት አራት ካዝና ሙሉ ጥይት አስተኮስኩ። የጣሊያኑ መሃል መሃሉን ይለዋል፣ ግን አራት ጊዜ ነከሰ። ቶካሬቩ ሦስት ጊዜ። ማካሮቩ አንድም ጊዜ አልነከሰም፣ ግን ጥይቱን እንደ ዘር ይበትነዋል።

"ማካሮቩ ይሁን" አልኩ።

"እንዴ! ዒላማ የማይመታ ሽጉጥ?" አለ ጓድ ታፈሰ።

"ቢያንስ ይተኩሳል፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የጣሊያኑ እኮ አይስትም!"

አሥር አለቃ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። "ያልተኮሰ ሽጉጥም አይስትም" አለ።

ጓድ ታፈሰ አልሳቀም። "የጣሊያኑ ይሁን ብያለሁ! ከነከሰ የወለወለው ሰው ይጠየቃል። አሻጥር ነው!" የሚወለውለው ደግሞ ራሱ አሥር አለቃ ነው። አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? በእሱ ተከሶ የታሰረ ሁሉ አይወጣም ነበር።

እና ቅዳሜ ሆነ፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥይት እቆጥራለሁ። ከጣሊያኑ ካዝና አንድ በአንድ አወጣለሁ፣ ሰባት፣ መልሼ አንድ በአንድ አጎርሳለሁ፣ ሰባት። አሥር አለቃ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እየቆጠርኩ ነዋ።"

"ሁልጊዜ እንዲህ?"

"ሦስት ዓመት አንድ ቅዳሜ አላመለጠኝም።"

"ሁሉንም ካዝና?"

"ምን ማለትህ ነው? ጥይት ሳይቆጠር ይታደራል?"

ካዝናውን ተቀበለኝ፣ ጥይቱን አወጣና ጥይት የሚገፋውን ሞላ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ልፍስፍስ! የማካሮቩን አነሳና ጫነ፤ ያ ጣቱን መልሶ ገፋው። "ወንድሜ፣ እነዚህን ሞላዎች እየጫንክ እየለቀቅክ በመቁጠር የገደልካቸው አንተ ነህ" አለኝ።

ታዲያ እኔ ሽጉጥ ያወዳደርኩ መስሎኝ ቅዳሜዎቼን ነው ያወዳደርኩት። በዓመት ሃምሳ ሁለት፣ በሦስት ዓመት መቶ ሃምሳ ስድስት። ብናገር አሻጥረኛው እኔ፣ ዝም ብል እሱ።

"አሁኑኑ ሄጄ ለጓድ ታፈሰ እነግረዋለሁ" አልኩት።

"ሁለት ልጆች አሉህ።"

"ሦስት።"

"እንግዲያው ተቀመጥ። ስንተኛው ጥይት ላይ ነው የሚነክሰው?"

ወረቀቴን አወጣሁ። ሁለቴ ስድስተኛው ላይ፣ ሁለቴ ሰባተኛው ላይ። ካዝናው ሊያልቅ ሲል ሞላው የመግፋት አቅም ያጣል ማለት ነው። "አምስቱን አምኜ እተኩሳለሁ" አለ።

እሁድ ላፍቶ ሜዳ ላይ አሥር አለቃ ሁለት ካዝና ሙሉ ይዞ ቆመ። እኔ ከኋላው በጣቴ እቆጥራለሁ። አምስት ተኮሰና ካዝናውን አወጣ፣ ሌላውን ከተተ፣ አምስት ደገመ። አንድም አልነከሰም፣ አሥሩም መሃል ገቡ፣ አንደኛ ወጣን።

ታዲያ ካኪ የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው መጡና፣ "ካዝናህ ውስጥ ጥይት እያለ ለምን ቀየርክ?" አሉት። አሥር አለቃ ደረቱን ነፋ፤ "የሕዝብ ንብረት ነው፣ ጓድ! ይቆጠባል!" ብሎ ጮኸ። እንዴት ብሎ ይቆጠባል? ግን ሰውዬው አጨበጨቡ፣ ሜዳው ሁሉ አጨበጨበ። አራት ጥይት ተመላሽ ብዬ ፈረምኩ።

እና ሰኞ ጓድ ታፈሰ ስብሰባ ጠራ። "ይህ ድል የጥብቅ ቁጥጥር ውጤት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ጥይት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቆጠር!" አለ። አሥር አለቃን አየሁት፣ ጣሪያውን ያያል። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ?

"እና ጋሼ፣ ከሦስቱ የትኛው ነበር የሚሻለው?" አለኝ ከሚሰሙኝ ልጆች አንዱ።

"እኔ ያልቆጠርኩት ነዋ፣ ልጄ።"