የጤና ጣቢያው ድንጋዮች

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት አጠገቧ ከተቀመጡ አንድ እናት ጋር ታወራለች።

«ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በድንጋይ የታጠረ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። እሱን ዞሬ መሃል ስደርስ ጭንቀቴ ይለቀኛል፣ ወላሂ!»

«ከዚያስ?»

«ዞሬ በገባሁበት እወጣለሁ።»

«ይኼንንማ ወረዳ ጽሕፈት ቤትም ያስተምርሻል፣ ልጄ።»

«አይሳቁ፣ እማ! እንቅልፍ አጣሁ አላሉኝም? ይሞክሩት።»

«ድንጋዩን ከየት አመጡት?»

«ከግቢው ጀርባ፣ ከሜዳው። ተደርድሮ አገኘነው። እኛው ታካሚዎቹ ለቅመን አመጣነው።»

«ተደርድሮ?»

«አዎ። ማን እንደደረደረው እንጃ።»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ?»

«በጦርነቱ ጊዜ ወደ መቃብር የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ልጄን እዚያ ቀበርነው። ሌሎችም የየራሳቸውን ቀበሩ። ድንጋዩ ምልክታችን ነበር።»

«ያ አላህ! እማ፣ አላወቅንም… አፉ ይበሉኝ።»

«አንድም አልቀረም?»

«አንድም። ሜዳውን አጽድተን ሣር ዘራንበት።»

«የልጄን ባየው አውቀዋለሁ። ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሐይቁ ዳር በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት።»

«ጥቁሩ…»

«አየሽው?»

«መሃል ላይ ነው ያለው፣ እማ። ዞረን ስንጨርስ እሱ ላይ ነው የምንቀመጠው።»

ውጫሌ እስክንደርስ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም።